ስድስት ቤት አጥር

በቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ዘኖን ሦስት ዳይስ ጣለ። ሁለት፣ አምስት፣ ስድስት ወጣ። ጨዋታው ታቡላ ይባላል፤ ዛሬ ባክጋሞን የምንለው፣ ቱርኮች ታቭላ፣ ዐረቦች ጣውላ የሚሉት ጨዋታ የቅርብ አባት ነው። ዘኖን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ474 እስከ 491 የምሥራቅ ሮምን ዙፋን የያዘ፣ በመሃሉም ዙፋኑን ተነጥቆ መልሶ ያገኘ ሰው ነው። በእኛ ትውፊት ዘጠኙ ቅዱሳን ወደ አክሱም መጡ የሚባለውም በዚሁ ዘመን አካባቢ ነው።

ንጉሡ ዳይሱን ከመጣሉ በፊት ደህና ቦታ ላይ ነበር። በአንዱ ቤት ሰባት ጠጠሮች ተደራርበውለታል፤ ከሌሎቹም አብዛኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል። ጥንድ ሆኖ የቆመ ጠጠር አይመታም፣ ባላጋራም እዚያ ቤት ላይ ማረፍ አይችልም። የወጡት ሦስት ቁጥሮች ግን ሌላ መንገድ አልሰጡትም። ጥንዶቹን እየነጠለ መሄድ ግድ ሆነበት፤ ተራውን ሲጨርስ ስምንት ጠጠሮች ነጠላ ነጠላቸውን ሰሌዳው ላይ ተበትነው ቀሩ።

ይህን የምናውቀው አጋትያስ የተባለ የቁስጥንጥንያ ጠበቃና ገጣሚ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ስለጻፈው ነው። አጋትያስ ጠጠሮቹ የት የት እንደነበሩ ዘርዝሮ ስላስቀመጠ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤክ ደ ፉኪዬር የተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ሰሌዳውን እንደነበረ መልሶ ደረደረው። ዘኖን ስላደረገው ጦርነትና ስለ ሃይማኖት ፖለቲካው የሚያውቅ ብዙ ሰው ላይኖር ይችላል፤ ያቺ የዳይስ አጣጣል ግን ከ1,500 ዓመት በኋላም በባክጋሞን ሰዎች ዘንድ እየተነሳች ትጠናለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የባላጋራን መንገድ ስለ መዝጋት የተማረ ማንኛውም ተጫዋች ከዘኖን ጋር አንድ ዓይነት መከራ ደርሶበታል፤ አጥሩን ያፈረሰው የራሱ ዳይስ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ሰሌዳውን ላስተዋውቅ። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 24 ሹል ሦስት ማዕዘኖች አሉ፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቤት እላቸዋለሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች 15 ጠጠር አለው። አንዱ በአንድ አቅጣጫ፣ ሌላው በተቃራኒው ይጓዛል። ሁለት ዳይስ ተጥሎ በወጣው ቁጥር ጠጠሮች ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁለቱም ዳይሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳዩ ቁጥሩ አራት ጊዜ ይኬዳል። ሁሉንም ጠጠሮች ወደ መጨረሻዎቹ ስድስት ቤቶች አስገብቶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ከሰሌዳው አውጥቶ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። እነዚያን የመጨረሻ ስድስት ቤቶች ማውጫ ሩብ ልበላቸው፤ ቁጥራቸውም ከመውጫው ጫፍ ተነሥቶ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ወደ ኋላ ይቆጠራል።

ነጠላ ሆኖ የቆመ ጠጠር ላይ ባላጋራ ቢያርፍበት ጠጠሩ ይመታል፤ ከሰሌዳው ተነሥቶ ጉዞውን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጠጠር ያለበት ቤት ደግሞ ለባላጋራ ዝግ ነው። ቱርኮች እንዲህ ያለውን ቤት ካፒ፣ በር ይሉታል፤ ግሪኮችም ይህንኑ ጨዋታ በሮች ብለው ይጠሩታል። የመዝጋት ጥበብ በሙሉ ከዚህች ትንሽ ሕግ ይወጣል። አንድ የተያዘ ቤት መንገደኛን ያሰናክላል፤ ተከታታይ የሆኑ ብዙ የተያዙ ቤቶች ግን አጥር ይሆናሉ።

ሒሳቡን እንየው። ሁለት ዳይስ በ36 መንገድ ሊወጣ ይችላል። የባላጋራ ጠጠር ልክ አጥርህ ሥር ቆሟል እንበል። አጥሩ አራት ቤት ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ያወጣዋል፤ ይህ ከ36ቱ በ20ው ይሆናል፣ ማለት ከግማሽ በላይ። አምስተኛ ቤት ብትጨምርበት መውጫው ስድስት ብቻ ነው፤ 20 የነበረው ወደ 11 ይወርዳል። ስድስተኛ ቤት ስትጨምር 11 ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዳይስ ከስድስት በላይ ቁጥር የለውም፤ መንታ ቁጥር ቢወጣም እያንዳንዱ እርምጃ ክፍት ቤት ላይ ማረፍ ስላለበት አጥሩን የሚያሻግር አንድም አጣጣል የለም። በባክጋሞን ውስጥ ፍጹም እርግጠኛ የሆኑ ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ስድስት ቤት አጥር ከእነሱ አንዱ ነው።

ጀማሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። የማይገባው ቀጣዩ ነው። አጥሩ አምስት ቤት ሆኖ የታጠረው ጠጠር ከአጥሩ ሥር አንድ ቤት ወደ ኋላ ርቆ ቢቆምስ? ስድስት ብቻዋን አትበቃውም፤ የሚያርፈው የአጥሩ የመጨረሻ ቤት ላይ ነውና። መጀመሪያ አንድ ተጉዞ አጥሩ ሥር መድረስ፣ ከዚያ ስድስት መዝለል አለበት። ይህን የሚያደርገው አንድና ስድስት ብቻ ነው፤ ከ36ቱ ሁለቱ። አንዲት ቤት ወደ ፊት መጠጋት የማምለጥ ዕድሉን ከ2 ወደ 11 ያሳድገዋል። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች ሲታጠር የሚያስጨንቀው የአጥሩ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ጠጠሩን አጥሩ ሥር ድረስ ማስጠጋት ይጨንቀዋል። የሚያጥረውም ይህን ስለሚያውቅ ጠጠሯ እንዳትጠጋ ይመታታል፣ ወይም እዚያች ቤት ላይ ቀድሞ ይቀመጣል።

አጥር የሚገነባው ደግሞ በዘፈቀደ ቦታ አይደለም። ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች በስድስተኛ ቤቱ አምስት፣ በስምንተኛው ሦስት ጠጠር አለው። ከኋላ በ13ኛው ቤት አምስት ጠጠር እንደ ጓዝ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ደግሞ በባላጋራ ማውጫ ሩብ መጨረሻ ላይ ሆነው ሩቅ መንገድ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የወደፊቱ አጥር ምሰሶዎች ገና ከመጀመሪያው ተተክለዋል፤ የጎደሉት አራተኛው፣ አምስተኛውና ሰባተኛው ቤት ናቸው። ከመክፈቻ አጣጣሎች ሁሉ ምርጡ ሦስትና አንድ የሆነው ለዚህ ነው፤ ከስምንተኛው ሦስት፣ ከስድስተኛው አንድ ተጉዘው አምስተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ። አራትና ሁለት አራተኛውን ቤት ያስይዛል። ስድስትና አንድ ደግሞ ሰባተኛውን፤ በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ተያይዘው ሦስት ቤት ይዘጋሉ።

አምስተኛውን ቤት ወርቃማ ብሎ የጠራው አሜሪካዊው ፖል ማግሪል ነው። ማግሪል የሒሳብ መምህር ነበር፤ በ1976 ያሳተመው «ባክጋሞን» የተሰኘ መጽሐፉ እስካሁን የጨዋታው ዋና መማሪያ ነው። በ1978 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ለኒው ዮርክ ታይምስም ስለ ባክጋሞን ቋሚ ዓምድ ይጽፍ ነበር፤ በ2018 አረፈ። ከእሱ በፊት ጥሩ ተጫዋቾች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ ጥሩ የሚያደርጋቸውን ነገር በቃላት አስቀምጦ ለሌላው ያስተላለፈ ግን እሱን የሚያህል የለም። መቼ መድፈር፣ መቼ መጠንቀቅ እንደሚገባ የሰጠው መመዘኛ ለምሳሌ ዛሬም ይሠራል። የባላጋራ ማውጫ ሩብ ከተጠናከረ ተጠንቀቅ፤ አንተ እዚያው ሩብ ውስጥ አስተማማኝ ቤት ከያዝክ ድፈር፤ ባላጋራ ከኋላ የቀሩ ጠጠሮች ካበዛ ድፈር።

መድፈር ሲባል ምን ማለት ነው? የምትፈልገውን ቤት በአንድ ጊዜ የሚያስይዝ ቁጥር ሁልጊዜ አይወጣም። ስለዚህ አንድ ነጠላ ጠጠር እዚያ ታስቀምጥና በሚቀጥለው ተራ ሁለተኛውን ለማምጣት ተስፋ ታደርጋለህ። በጨዋታው መጀመሪያ አምስተኛ ቤትህ ላይ ነጠላ ብታስቀምጥ፣ በማውጫ ሩብህ ጥግ ያሉት የባላጋራ ጠጠሮች በአራት ቤት ርቀት ላይ ናቸው፤ ከ36ቱ 15 አጣጣል ይመቷታል። ከተመታች 20 ቤት የተጓዘችው ጉዞ ይጠፋል። ካልተመታች አብዛኛውን ጊዜ ወርቃማው ቤት ያንተ ነው። በ1970ዎቹ ይህ ድፍረት የትልልቅ ተጫዋቾች መለያ ነበር። በኋላ ምን እንደደረሰበት እመለስበታለሁ።

ሌላው በትንሹ የሚነገር፣ ዋጋው ግን ትልቅ የሆነ ነገር አለ። አጥር ባላጋራ ፊት መቆም አለበት። የባላጋራ ጠጠር ሦስተኛ ቤትህ ላይ ቆማ ሳለ፣ አንተ አንደኛና ሁለተኛ ቤቶችህን ብትይዝ ምንም አልዘጋህም፤ ጠጠሮችህ ከጀርባዋ ወድቀዋል፣ ወደ ኋላም አይመለሱም። ያለህ 15 ጠጠር ብቻ ነው፤ ስድስት ቤት አጥር 12ቱን ይፈልጋል። የሚተርፉህ ሦስት ናቸው። ከጀርባ የወደቁት ሦስት ከሆኑ አጥሩን ለመጠበቅ የምታንቀሳቅሰው ትርፍ ጠጠር አይኖርህም።

ወደ ጉዳዩ ልብ የሚያስገባን ይኸው ትርፍ ጠጠር ነው።

ኢስታንቡል፣ በእስያው ወገን ካዲኮይ ውስጥ፣ የሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ቆሜ አይቻለሁ። ቱርኮች ታቭላ ሲጫወቱ የዳይሱን ቁጥር የሚጠሩት ባብዛኛው በፋርስኛ ነው፤ ስድስትና አምስት ሼሽ-ቤሽ፣ ሁለት ስድስት ዱ-ሼሽ፣ ሁለት አንድ ሄፕ-ዬክ። ጠጠሮቹ እንጨቱን ሲመቱት ቋ ቋ ይላል፤ ፍጥነታቸው ለባዕድ ዓይን አይያዝም። ያን ዕለት ግን ሁለቱም ቀስ ብለው ነበር። ሁለቱም አምስት ቤት አጥር ሠርተው፣ ሁለቱም በሌላው አጥር ውስጥ ጠጠር ታጥሮባቸው ነበር።

ባለ ነጩ ከአራተኛ እስከ ስምንተኛ ቤቱን ይዟል። የጥቁሩ አንዲት ጠጠር ልክ አጥሩ ሥር፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ቆማለች፤ ስድስት ብትወጣ ታመልጣለች። ባለ ጥቁሩም በበኩሉ ከአራት እስከ ስምንት ይዟል፤ የነጩ ሁለት ጠጠሮች አንደኛ ቤቱ ላይ፣ ከአጥሩ ሥር ርቀው ተቀምጠዋል። ሰሌዳውን በጨረፍታ ያየ ጥቁሩ ይሻላል ይል ይሆናል፤ ሁለት አጥሮ ያጣው አንድ ነውና። ነገር ግን ባለ ነጩ ከአጥሩ ውጭ ሦስት ጠጠሮች አሉት፤ ሁለቱ 13ኛው ቤት ላይ፣ አንዷ 11ኛው ላይ። ባለ ጥቁሩ ከአጥሩ ውጭ ያለው ያችው የታጠረችው ብቻ ናት። የቀሩት 14 ጠጠሮቹ በሙሉ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል።

ባለ ጥቁሩ ጣለ። አምስትና አራት። ተራውን መዝለል አይቻልም፤ የሚኬድ ቁጥር ካለ መኬድ አለበት። ዳማ ተጫውቶ ያደገ ሰው «ግድ ነው» የሚለውን ቃል ክብደት ያውቀዋል። የታጠረችው ጠጠር በአምስትም በአራትም መንቀሳቀስ አትችልም፤ ሁለቱም የነጩ ዝግ ቤቶች ላይ ይጥሏታል። አምስቱን ከስድስተኛው ቤት አንሥቶ እንዳይሄድ አንደኛው ቤት ላይ የነጩ ጥንድ ተቀምጧል። ከአምስተኛውና ከአራተኛውም አምስት የሚኬድበት የለም። አምስት የሚነሣው ከስምንተኛው ወይም ከሰባተኛው ብቻ ነው፤ ማለት ከአጥሩ የኋላ ቤቶች። ሽማግሌው እጁን ሰሌዳው ላይ አንዣቦ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከስምንተኛው አንዲት በአምስት፣ ከሰባተኛው አንዲት በአራት አንሥቶ ሦስተኛው ቤት ላይ አጣመራቸው። ካለው ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። ሆኖም አጥሩ አራት ቤት ቀረ፣ ሁለት ነጠላም ከኋላ ቀሩ።

ባለ ነጩ ጣለ። አራትና ሁለት። ከ13ኛው አንዷን በአራት፣ ከ11ኛው ያለችውን በሁለት አምጥቶ ዘጠነኛው ቤት ላይ አሳረፋቸው። ከአራት እስከ ዘጠኝ፣ ስድስት ቤት። ባለ ጥቁሩ ከፊቱ ያለውን ሻይ አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ቢጥልም ባይጥልም ለዚያች ጠጠር ትርጉም አልነበረውም።

ያን ቀን የጥቁሩን ዳይስ ክፉ ነው ያሉ ተመልካቾች ነበሩ። እኔ ግን ዳይሱ የተገመተውን ነው ያወጣው እላለሁ። አምስት የያዘ አጣጣል ከ36ቱ 11 ነው፤ ከእነዚህ ስድስትና አምስት ብቻ፣ ሁለቱ፣ ጠጠሯን ያስመልጡ ነበር። ሌሎቹ ሁሉ የአጥሩን ጀርባ የሚያፈርሱ ናቸው። ሽማግሌው የተሸነፈው ከዚያ ብዙ ተራ በፊት፣ ከውጭ የነበሩትን ጠጠሮች ቸኩሎ ያስገባ ጊዜ ነው። ተጫዋቾች ይህን ጊዜ ይሉታል። ጊዜህ ማለት አጥርህን ሳትነካ ልትጓዘው የምትችለው የእርምጃ ብዛት ነው። አንድ አጣጣል በአማካይ ስምንት እርምጃ ያህል ይበላል። ባለ ነጩ 11ኛና 13ኛ ቤት ላይ የነበሩት ጠጠሮች አንድ ሁለት ተራ ሰጥተውታል፤ ባለ ጥቁሩ ግን ባዶ ነበር። ሁለት አጥሮች ሲፋጠጡ የመጀመሪያው ጥያቄ የማን ረዘመ አይደለም፤ የማን ቀድሞ ይሰበራል ነው።

አጥሩ ከተሠራ በኋላም ሥራው አላለቀም። ስድስቱን ቤት ወደ ማውጫ ሩብ መንዳት አለብህ፤ ቆሞ መቆየት አይቻልምና። ይህ የሚደረገው ከኋላ በኩል አፍርሶ ከፊት በመሥራት ነው። ትርፍ ጠጠር ከአጥሩ ፊት ለፊት ባለው ክፍት ቤት ላይ ነጠላዋን ታስቀምጣለህ፤ ካልተመታች በቀጣዩ ተራ የኋለኛውን ቤት ጠጠር አምጥተህ ትሸፍናታለህ፤ አጥሩ አንድ ቤት ወደ ፊት ተጓዘ። ነጠላዋ የምትመታው በአንድ የተወሰነ ቁጥር ብቻ ስለሆነ አደጋው ትንሽ ነው፤ ብትመታም እንኳ የመታው የባላጋራ ጠጠር ከአጥሩ ውስጥ አልወጣም። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋች ይፈራል፤ ነጠላ ላለማስቀመጥ ሲል ትርፎቹን በደህናው ቤት ላይ ይቆልላል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚወጣው ቁጥር አጥሩን ይበትነዋል። ዘኖን አንድ ቤት ላይ የቆለላቸውን ሰባት ጠጠሮች አስታውስ።

ይህ የጊዜ ጉዳይ ለማሽንም ቀላል አልነበረም። በሐምሌ 1979 ሞንቴ ካርሎ ላይ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ሐንስ በርሊነር የሠራው ቢኬጂ 9.8 የተባለ ፕሮግራም፣ ገና የዓለም ሻምፒዮንነትን ከጨበጠ አንድ ቀን የሆነውን ጣሊያናዊ ሉዊጂ ቪላን 7 ለ 1 አሸነፈ። ሽልማቱ 5,000 ዶላር ነበር። አንድ የዓለም ሻምፒዮን በሰሌዳ ጨዋታ በኮምፒዩተር ሲሸነፍ ያ የመጀመሪያው ነው። በርሊነር ራሱ ግን በኋላ ጨዋታዎቹን መርምሮ ዳይሱ ለማሽኑ እንዳደላና ቪላ የተሻለ ተጫዋች እንደሆነ በግልጽ ጻፈ፤ ይህ ታማኝነቱ ከድሉ ይልቅ ይማርከኛል።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን በርሊነር ከዚያ በፊት የገጠመው ችግር ነው። ቀደም ያሉት ፕሮግራሞቹ ጨዋታውን በክፍል በክፍል ከፍለው ለእያንዳንዱ የየራሱን ዋጋ ይሰጡ ነበር። ማሽኑ በአንዱ ክፍል ውስጥ ጥሩ ይጫወትና ድንበሩ ላይ ሲደርስ የማይረባ ነገር ይሠራል፤ ያንን ድንበር ላለመሻገር ሲል ይዘገያል፣ ወይም ያለ ጊዜው ይሻገራል። በርሊነር መፍትሔ ያደረገው ድንበሩን ማለዘብ፣ አንዱ ዓይነት ዋጋ ቀስ በቀስ ወደ ሌላው እንዲቀየር ማድረግ ነው። የሰው ተጫዋችም ቢሆን አጥሩን ሲለቅ የሚሳሳተው እንዲሁ ነው፤ «እያጠርኩ ነው» ብሎ ካሰበ እስኪሰበር ይይዛል። መልቀቂያው ግን በአንድ ቅጽበት የሚመጣ ሳይሆን በየተራው በጥቂቱ የሚቃረብ ነው።

በ1992 የአይቢኤሙ ጄራልድ ቴሳውሮ ቲዲ-ጋሞን የተባለውን ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ይህኛው ከራሱ ጋር እየተጫወተ፣ ማሸነፍ መሸነፉን እያየ ተማረ፤ በኋላ የወጣው የተሻሻለ ቅጂ ከራሱ ጋር 1.5 ሚሊዮን ጨዋታ ተጫውቶ ነበር። አጥር ሥራ ብሎ ያስተማረው ሰው የለም፤ አጥር መሥራትን ራሱ ደረሰበት። ከዚያም በላይ የሰዎቹን ልማድ ቀየረ። አራትና አንድ ወይም አምስትና አንድ በመክፈቻ ሲወጣ፣ አምስተኛው ቤት ላይ ነጠላ ማስቀመጥ የተከበረ ልማድ ነበር። ማሽኑ አንዱን ቁጥር ከኋላ ያሉትን ሁለቱን ጠጠሮች ለመለያየት ተጠቀመበት፤ ባላጋራው አጥር እንዳይሠራ ቀድሞ አስቸገረው። ተጫዋቾች በቁጥር እያረጋገጡ ተከተሉት። ዛሬ በውድድር ላይ በእነዚያ ሁለት አጣጣሎች ነጠላ የሚያስቀምጥ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ሁለትና አንድ ላይ ብቻ ድፍረቱ እስካሁን በሕይወት አለ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ለውጥ ትልቁ ትምህርት የታጠረውን ወገን የሚመለከት ነው። መታጠር ከመድረሱ በፊት ይታከማል። በባላጋራ ማውጫ ሩብ ውስጥ አንድ ቤት፣ በተለይ የእሱን አምስተኛ ወይም አራተኛ ቤት፣ በሁለት ጠጠር ከያዝክ አጥሩ መሃል ለመሃል ተበሳ ማለት ነው፤ ስድስት ተከታታይ ቤት በዚያ ላይ አይሠራም። ማግሪል ወርቃማ ያለው ቤት ለሁለቱም ወገን ወርቃማ የሆነው ስለዚህ ነው። ያ ካልተሳካ አጥሩ ሥር ተጠጋ። ያም ካልተሳካ የራስህን አጥር ይዘህ የእሱ ጊዜ እስኪያልቅ ጠብቅ።

መጠበቁ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የተመታ ጠጠር ወደ ሰሌዳው መመለስ ያለበት በባላጋራ ማውጫ ሩብ በኩል ነው፤ ሳይመለስም ሌላ ጠጠር አይንቀሳቀስም። ባላጋራ ከስድስቱ ሦስት ቤት ቢዘጋ የማትገባበት ዕድል ከ36ቱ 9 ነው፤ አራት ቢዘጋ 16፤ አምስት ቢዘጋ 25። ቱርኮች መግባት ሲያቅትህ ጌሌ ይላሉ፤ ተራህ ባዶ አለፈ። ባዶ ያለፈ ተራ ለሚሮጥ ሰው ኪሳራ ነው። አጥሩ ሊፈርስ ለተቃረበ ሰው ግን እፎይታ ነው፤ መንቀሳቀስ ስላልቻለ ከአጥሩ አንዲት ጠጠር አላነሣም። በዚህ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው ባላጋራ ብቻ ነው፤ የሚያልቀውም የእሱ ጊዜ ነው። ስለዚህ አዋቂ ተጫዋች የባላጋራው አጥር ሊሰበር ሲል ነጠላውን አግኝቶ እንኳ አይመታውም፤ እንዲጓዝና ራሱ እንዲያፈርሰው ይተወዋል። ካዲኮይ ላይ ባለ ጥቁሩ በዚያች ክፉ ተራ የተመታ ጠጠር ኖሮት ጌሌ ብሎ ቢሆን ኖሮ አምስትና አራት ምንም አያደርገውም ነበር።

አጥር እጅግ ኃይለኛ ከመሆኑ የተነሣ ከባክጋሞን ዘመዶች አንዳንዶቹ በሕግ ገድበውታል። በአርመንና በአዘርባጃን፣ በሩሲያም ጭምር ረጅም ናርዲ የሚባል ጨዋታ አለ። ናርድ የሚለው ስም የመጣው ከፋርስ ነው፤ በመካከለኛው ፋርስኛ የተጻፈ አንድ ተረት ጨዋታውን የፈጠረው ጠቢቡ ቦዞርግሜህር ነው ይላል፤ 15ቱን ነጭ ጠጠሮች በቀን፣ 15ቱን ጥቁሮች በሌሊት ይመስላቸዋል። በረጅሙ ናርዲ መምታት የለም። አንዲት ጠጠር ብቻዋን አንድ ቤት ትዘጋለች። ይህ ማለት አጥር ለመሥራት 12 ጠጠር አያስፈልግም፣ ስድስት ይበቃል፤ የታጠረውም በመምታት አያፈርሰውም። ያለ ገደብ ቢተው ቀድሞ ስድስት የደረደረ ሁልጊዜ ያሸንፍ ነበር። ግሪኮች ፌቭጋ በሚሉት ተመሳሳይ ጨዋታቸው ውስጥ ተጫዋች ጉዞ የሚጀምርበትን ሩብ ስድስቱንም ቤት መሙላት አይፈቀድለትም። በናርዲ ደግሞ አምስት ተከታታይ ቤት እንደልብ መያዝ ይቻላል፤ ስድስተኛውን ለመያዝ ግን ከባላጋራ ጠጠሮች ቢያንስ አንዷ ያንን አጥር አልፋ ከፊቱ ተገኝታ መሆን አለባት። ስለዚህ የናርዲ ተጫዋች አምስቱን ደርድሮ ስድስተኛዋን ጠጠር በእጁ እንደያዘ፣ ባላጋራው አንዲቷን ወደ ፊት እስኪልክ ይጠብቃል፤ ባላጋራውም ይህን አውቆ የመጀመሪያዋን ጠጠር ላለማሳለፍ ተራ በተራ ሌሎቹን ያንቀሳቅሳል።